ደም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው

ኦገስት 17 ቀን 1980 ምሽት በመካከለኛው አውስትራሊያ፣ ኡሉሩ በሚባለው ግዙፍ ቀይ አለት ግርጌ ድንኳን ከተከሉት ቤተሰቦች አንዱ ቻምበርሌኖች ነበሩ። (ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዘጠኝ ሳምንት ሕፃናቸው አዛሪያ ከተኛችበት ጠፋች። እናቲቱ ሊንዲ፣ ዲንጎ የሚባለው የአገሩ የዱር ውሻ ልጄን ወሰደብኝ ብላ ጮኸች። ሁለት ዓመት አልፎ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ግን ተከሳሿ እሷው ነበረች፤ ልጇን መኪና ውስጥ አንገቷን ቆርጣ ገድላለች ተባለች። ክሱ ከቆመባቸው ነገሮች ዋነኛው ደም ነበር። ከቤተሰቡ መኪና ዳሽቦርድ ሥር የተረጨ ደም ተገኝቷል፣ በደሙም ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ዘንድ የሚበዛው የሄሞግሎቢን ዓይነት አለ ሲል ላቦራቶሪው መሰከረ። ኦክቶበር 1982 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀጣዩን ልጇን የወለደችው እስረኛ ሆና ነው።

ያ ርጭት ደም አልነበረም። መኪናው በፋብሪካ ሲሠራ ድምፅ እንዲያፍን የተነፋ ሬንጅ መሰል ነገር ነበር፤ የዚያው ዓይነት ሥሪት ያላቸው ሌሎች መኪኖችም እዚያው ቦታ ላይ ተመሳሳይ ርጭት ነበራቸው። በተጨማሪም ቤተሰቡ ይኖር የነበረው የመዳብ ማዕድን ይወጣባት በነበረችው በማውንት አይሳ ከተማ ነው። የመዳብ ብናኝ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ የደም መፈተሻዎችን ልክ እንደ ደም ያቀልማቸዋል። ተከላካዮቹ ምርመራው ይደገም እንዳይሉ፣ ውጤቱ የታየባቸው የላቦራቶሪ ሳህኖች እንደ ተለመደው አሠራር ተጥለው ነበር። በ1986 የሕፃኗ ሹራብ ከዲንጎ ዋሻዎች አጠገብ ሲገኝ ሊንዲ ከሦስት ዓመት በላይ ከታሰረችበት ተለቀቀች፤ በ1988 ፍርዱ ተሻረ፤ በ2012 የሞት ምክንያት አጣሪው ፍርድ ቤት አዛሪያን የወሰዳት ዲንጎ መሆኑን አረጋገጠ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት የደም ማስረጃን ለማጣጣል አይደለም። ከወንጀል ሥፍራ ከሚነሱ ነገሮች ውስጥ ደምን ያህል ብዙ የሚናገር ጥቂት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እድፉ ደም መሆን አለመሆኑን የጠየቀ ምርመራ የሰው ይሁን የበግ አያውቅም። የማን መሆኑን የነገረን ምርመራ እንዴትና መቼ እዚያ እንደ ደረሰ አልነገረንም። የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ጥያቄ መልስ አድርጎ የወሰደ ችሎት ሰው ያለ በደሉ አስሯል፤ በሌላ ጊዜም በዳይን ለቋል።

መርማሪው ሥፍራው ሲደርስ የሚያየው ደም ሳይሆን እድፍ ነው። ዝገትም፣ ቀለምም፣ የቲማቲም ድልህም ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ፈጣንና ርካሽ ነው። በ1863 ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሾንባይን የተባለው ኬሚስት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደም ሲነካ አረፋ እንደሚያወጣ አስተዋለ። ዛሬም ድረስ መርማሪዎች የሚጠቀሙባቸው መፈተሻዎች በዚሁ ጠባይ ላይ የቆሙ ናቸው፤ በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ያዘለው ክፍል ፐሮክሳይድን ያነቃቃል፣ ያ ደግሞ ሌላ ኬሚካል ቀለሙን እንዲለውጥ ያደርጋል። ካስል ማየር በሚባለው ዘዴ እድፉ በጥጥ ይጠረግና አልኮል፣ ቀጥሎ ፌኖልፍታሊን የሚሠራበት ፈሳሽ፣ በመጨረሻ ፐሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሮዝ ከሆነ ደም ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጥጡ ፐሮክሳይድ ሳይጨመርበት ሮዝ ከሆነ፣ ምላሹን የሰጠው ደም ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

በፊልም የምናውቀው ሉሚኖልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፈሳሹ በ1928 ብርሃን እንደሚሰጥ ተጽፎ ነበር፤ በ1937 ጀርመናዊው ቫልተር ሽፔክት ለወንጀል ምርመራ እንደሚያገለግል አሳየ። የታጠበ ወለል ጨለማ ውስጥ ሲረጭበት ዓይን የማያየው የደም ቅሪት ሰማያዊ ሆኖ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያበራል። ችግሩ በረኪናም ያበራል፤ መዳብም ያበራል፤ የአንዳንድ አትክልቶች ጭማቂም ያበራል። ነፍሰ ገዳይ ወለሉን በበረኪና ቢያጥብ ሉሚኖል ይበራል፤ ንጽሕና የምትወድ የቤት እመቤት ብታጥበውም ይበራል። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል በምርመራ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ችሎት እስኪደርስ ቃሉ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ መጠበቅ የሁሉም ኃላፊነት ነው።

በአማርኛ ተበቃይ ያጣ፣ በከንቱ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ፍርድ ቤቶች የሰውን ደም ከውሻ ደም በእውነት መለየት አይችሉም ነበር። በበዓል ማግስት ሸሚዙ ላይ ደም ያለበት ሰው «በግ አርጄ ነው» ካለ ማን ያስተባብለዋል? በ1898 በሰሜን ጀርመን ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ሉድቪግ ቴስኖቭ የተባለ ተዘዋዋሪ አናጢ ሲያዝ፣ ልብሱ ላይ ያለው እድፍ የእንጨት ቀለም ነው ብሎ ተለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በባልቲክ ባሕር ባለችው በሩገን ደሴት ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ተቆራርጠው ተገኙ። ቴስኖቭ እንደገና ተያዘ፤ እንደገና የእንጨት ቀለም ነው አለ። አንድ ገበሬም ጥቂት ቀደም ብሎ በጎቹ ታርደው ተበታትነው ሲያገኝ ሲሸሽ ያየው ሰው እሱ መሆኑን ለየ።

በዚያው በ1901 በአቅራቢያው ባለው በግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ ፓውል ኡለንሁት የተባለ ሐኪም አዲስ ነገር አሳትሞ ነበር። ጥንቸል የሰው ደም ከተወጋች ሰውነቷ ለእንግዳው ፕሮቲን መከላከያ ያዘጋጃል። ከጥንቸሏ የተወሰደው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሰው ደም ጋር ሲገናኝ ይደፈርሳል፤ ከበግ ወይም ከላም ደም ጋር ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። ለበግ ደግሞ ሌላ ሴረም ይዘጋጃል። ዓቃብያነ ሕጉ የቴስኖቭን ልብስ ላኩለት። ኡለንሁት በልብሱ ላይ የሰው ደምም የበግ ደምም አገኘ። አናጢው ሞት ተፈረደበት። ደመ ከልብና የሰው ደም በፍርድ አደባባይ በሳይንስ የተለዩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

«የማን ደም?» የሚለው ጥያቄ ግን ገና ሩቅ ነበር። ካርል ላንድሽታይነር በቪየና በ1901 የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ አስታወቀ፤ ዛሬ ኤ፣ ቢ እና ኦ የምንላቸው ናቸው፤ ኖቤል የተሸለመው በ1930 ነው። በ1915 ሌዎኔ ላቴስ በጣሊያን ቱሪን ከደረቀ እድፍ ላይ የደም ዓይነት የሚለይበትን መንገድ አገኘ። ይህ እውቀት ሰውን ነጻ ለማውጣት ጥሩ ነበር፤ ለመወንጀል ግን ደካማ። እድፉ ቢ ሆኖ ተጠርጣሪው ኦ ከሆነ ደሙ የእሱ አይደለም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ሁለቱም ኦ ከሆኑ ግን ምን ተረጋገጠ? በችሎቱ ከተቀመጡት ውስጥም ብዙዎቹ ኦ ናቸው። «የደም ዓይነቱ ገጥሟል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በዳኛ ጆሮ ከእውነተኛ ክብደቱ በላይ ይከብድ ነበር።

በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984 ነው። በእንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ በኤክስሬይ ፊልም ላይ የዲኤንኤ መስመሮች ከሰው ሰው እንደሚለያዩ አየ። እዚህ ላይ ስለ ደም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ደምን ቀይ የሚያደርጉት ሕዋሳት አስኳል የላቸውም፤ ለመታወቂያ የሚሆነውን ዲኤንኤ የያዙት ነጮቹ ናቸው። ቢሆንም በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ነጭ ሕዋሳት ሊኖሩ ስለሚችሉ ዛሬ ለላቦራቶሪ የመርፌ ጫፍ የምታህል እድፍ ትበቃዋለች።

ከሌስተር ብዙም በማይርቁት በናርቦሮና በኤንደርቢ መንደሮች በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገድለው ነበር። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ያዘ፤ ወጣቱ ሁለተኛውን ግድያ አመነ፣ የመጀመሪያውን ካደ። መርማሪዎቹ ሁለቱንም እሱ እንደፈጸመ እርግጠኛ ስለነበሩ ጄፍሪስን አስረጅ ጠሩ። የወጣቱ ደም ከገዳዩ የዘር ፈሳሽ ጋር ተመሳከረ። መልሱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፦ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን ያመነው ልጅ አይደለም። ዲኤንኤ በወንጀል ምርመራ መጀመሪያ ያገለገለው ንጹሕ ሰው ነጻ ለማውጣት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ልጁ ያልሠራውን ለምን እንዳመነ ማሰብ ያስጨንቃል፤ በቃሉ ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ ዛሬም ወንጀለኛ ተብሎ ይጠራ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው የእኛን አውጫጭኝ ያስታውሰኛል። በቀድሞው ሥርዓታችን ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ተጠርቶ ይቀመጣል፤ በዳይ እስኪታወቅ አይበተንም። የሌስተር ፖሊስም በ1987 መጀመሪያ በአካባቢው የሚኖሩ ወጣት ወንዶች ሁሉ ደምና ምራቅ እንዲሰጡ ጠራ፤ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰጡ። አንድም አልገጠመም። ምስጢሩ የወጣው በላቦራቶሪ ሳይሆን በመሸታ ቤት ነው። አንድ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ለባልደረባው ለኮሊን ፒችፎርክ ተተክቶ ደም እንደ ሰጠ ሲናገር ተሰማ። ፒችፎርክ ተያዘ፤ ደሙ ገጠመ፤ ጃንዋሪ 1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በሳይንሱ ላይ ስሕተት አልነበረም፤ የተሰወረው ደሙ ከማን ክንድ እንደ ተቀዳ ነው። በአውጫጭኝም ቢሆን እውነቱን የሚያወጣው አንድ የሚያውቅ ጎረቤት መናገሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘዴው ተራቀቀ። ዛሬ ላቦራቶሪዎች በዲኤንኤው ላይ እየተደጋገሙ የሚመጡ አጫጭር ክፍሎችን ርዝመት ያነጻጽራሉ፤ አሜሪካ እስከ 2016 ድረስ 13 ቦታዎችን ታወዳድር ነበር፣ ከ2017 ጀምሮ 20 ሆነዋል። የሁሉም ቦታ ውጤት ከገጠመ፣ ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንታ ወንድም ካልሆነ በቀር ሌላ ሰው የመሆኑ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ነገር ግን ይህ «የማን» ለሚለው ብቻ መልስ ነው። ባል በመኝታ ቤቱ ወለል ላይ ደሙ ቢገኝ ትናንት ጺሙን ሲላጭ ፈሶም ይሆናል።

«እንዴት ፈሰሰ» ለሚለው ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ የርጭት ትንተና። ብዙ የሚያስደንቅ፣ ብዙም የሚያሳስብ ነው። መሠረቱ የፊዚክስ ሕግ ነው። ከላይ ቀጥ ብላ የወደቀች ጠብታ ክብ ትሆናለች፤ በሰያፍ የመጣች ትረዝማለች፣ ጅራቷም የሄደችበትን አቅጣጫ ይጠቁማል። ስፋቷ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግድግዳውን የመታችው በ30 ዲግሪ ነው። ከብዙ ጠብታዎች ወደኋላ ክር ሲወጠር ክሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ደሙ የፈነጠቀበትን ይጠቁማል። በጣሪያ ላይ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ደም የነካው ነገር ወደ ላይ መወዛወዙን ያሳያሉ። በተረጨ ግድግዳ መሐል ያለ ባዶ ቦታ ደግሞ እዚያ የቆመ ሰው ወይም ዕቃ እንደ ነበር ይናገራል፤ ደሙ ያረፈበት እሱ ላይ ነው።

ነገሩን በሰፊው ያሳወቀው የዶክተር ሳም ሼፐርድ ጉዳይ ነው። ጁላይ 4 ቀን 1954 በኦሃዮ ክሊቭላንድ አጠገብ ሚስቱ ማሪሊን በመኝታ ቤታቸው ተቀጥቅጣ ተገደለች፤ እሱም ተፈረደበት። ከፍርዱ በኋላ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፖል ከርክ ክፍሉን መረመረ፤ ደም ያላረፈበትን ጥግ አይቶ ገዳዩ የት እንደ ቆመ ገመተ፤ ከርጭቱም ግራኝ መሆኑን ደመደመ። ሼፐርድ ቀኝ እጅ ነው። ፍርድ ቤቱ ያንን በ1955 አልተቀበለውም። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በጋዜጦች ጫጫታ ምክንያት ነበር፤ በድጋሚው ችሎት ግን ከርክ መሰከረ፣ ሼፐርድም ነጻ ወጣ። ልጁ ከዓመታት በኋላ አባቴ ያለ አግባብ ታስሯል ብሎ ሲከስ፣ በ2000 የተሰየሙት ዳኞች አልተቀበሉትም። በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ደም ለአርባ ስድስት ዓመት አከራከረ።

ኸርበርት ማክዶኔል የተባለው አሜሪካዊ በ1971 ስለ ጠብታ በረራ ያሳተመውን ይዞ ለፖሊሶች የአንድ ሳምንት ሥልጠና መስጠት ጀመረ። ሙያው የተስፋፋው እንዲህ ነው፤ ድክመቱም እዚያው ነው። የፊዚክስን ሕግ በአምስት ቀን መማር ይቻላል፤ የተቀላቀለ፣ የተረገጠ፣ ከጨርቅ ጨርቅ የተላለፈ ደምን ማንበብ ግን ሌላ ነው። በቴክሳስ በ1985 አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሚስቱ ቤታቸው ውስጥ ተገደለች። እሱ በዚያን ሌሊት በኦስተን ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። በመኪናው ውስጥ በተገኘ የእጅ ባትሪ ላይ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦችን፣ የአርባ ሰዓት ሥልጠና የወሰደ መርማሪ የግድያ ርጭት ናቸው ብሎ መሰከረ። በ2018 የግዛቱ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን ትንተናው በሳይንስ ያልተደገፈ መሆኑን አሳወቀ፤ መርማሪውም መደምደሚያዬ ስሕተት ነበር ብሎ ፈረመ። የተፈረደበት ርዕሰ መምህር በአመክሮ የወጣው በ2020 ነው፤ ከሰላሳ ዓመት በላይ ታስሮ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 በርጭት ትንተና ያለው እርግጠኛ አለመሆን እጅግ ሰፊ መሆኑን፣ የባለሙያዎቹ አስተያየትም ከሳይንስ ይልቅ ወደ ግል ግምት እንደሚያደላ ጻፈ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ 75 ባለሙያዎችን ፈተነ፤ አመጣጣቸው በሚታወቅ ርጭቶች ላይ ከሰጧቸው መልሶች 11 በመቶ ያህሉ የተሳሳቱ ነበሩ። ከአሥር መልስ አንዱ! በፈተና ክፍል ይህ መጥፎ ውጤት ላይሆን ይችላል፤ ለታሰረ ሰው ግን ሕይወቱ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የጠብታዋ ማዕዘን በልክ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ይቅረብ፣ «ስለዚህ ገዳዩ ይህ ነው» የሚለው ግን ከባለሙያው አፍ ባይወጣ ይሻላል።

ላቦራቶሪ ምንም ቢራቀቅ፣ የሚመረምረው የመጣለትን ነው። ጁን 12 ቀን 1994 በሎስ አንጀለስ በተፈጸመው ድርብ ግድያ በኦ ጄ ሲምፕሰን ላይ የቀረበው የደም ማስረጃ ብዛት ለሌላ ችሎት ይበቃ ነበር፤ በሥፍራው፣ በመኪናው፣ በካልሲው። ተከላካዮቹ ግን ዲኤንኤውን ሳይሆን መንገዱን ጠየቁ። እርጥብ ናሙና በፕላስቲክ ታሽጎ በሞቀ መኪና ውስጥ ለምን ቆየ? ከተከሳሹ የተቀዳውን የደም ብልቃጥ አንድ መርማሪ ወዲያው ከማስመዝገብ ይልቅ ለምን ይዞ ዞረ? ከብልቃጡ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ጎድሏል፣ የት ሄደ? እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረው ወይም አልነበረውም፤ ጥርጣሬው ግን ተዘራ። ኦክቶበር 3 ቀን 1995 ሲምፕሰን ነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የማስረጃ ቅብብል የሚመዘገብበት ቅጽ ከማይክሮስኮፑ እኩል ሆኗል፦ ማን አነሳው፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ፣ ማን ፈረመ።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሲሆን ተከሳሹ በሐኪም እንዲመረመር ማድረግ እንደሚችል፣ ምርመራውም ደም መውሰድን እንደሚጨምር ይደነግጋል። ከስድሳ ዓመት በፊት ሕጉ በሩን ከፍቶታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በበኩሉ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በማስገደድ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። የሌስተሩን ወጣት ያነሳሁት ስለዚህም ነው። ቃል ላይ ብቻ የሚቆም ምርመራ ቃል ወደ ማውጣት ይገፋል፤ እድፉን በጥንቃቄ የሚያነሳ ፖሊስ ግን የሰውየውን የእምነት ቃል አይለምንም።

ለዚህ የመጀመሪያው ወጪ የዲኤንኤ መሣሪያ አይደለም። ሬሳ ያለበት ቤት ለቅሶኛ ከመግባቱ በፊት፣ ዘመድም ወለሉን ከማጠቡ በፊት በገመድ ይከለል። ከማንኛውም ንክኪ በፊት እድፉ ከነማስመሪያው ፎቶ ይነሳ። በደም የራሰ ሸሚዝ ፌስታል ውስጥ ከገባ በሁለት ቀን ሻግቶ ይበሰብሳል፤ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ በጥላ፣ ሌላ ልብስ ሳይነካው ይድረቅ። ግድግዳ ላይ የደረቀው በተጣራ ውኃ በረጠበ ጥጥ ይነሳ፤ ከአጠገቡ ደም ከሌለበት ቦታም አንድ ሌላ ጥጥ ለማነጻጸሪያ ይወሰድ። ጓንቱ ከአንዱ እድፍ ወደ ሌላው ሲታለፍ ይቀየር። ሁሉም ለየብቻው በወረቀት ፖስታ ይታሸግ፤ ፖስታው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ያነሳው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍ።